በ«ሁለተኛ ፈረቃ» ስም የወጣው ሸክላ

ዲትሮይት፣ ማርች 9 ቀን 1994

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ ቨርኒስ፤

ሰላምታዬ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። የላክሽው የፔካን ለውዝ ደርሶኛል፤ ሳምንት ሳይሞላው አልቋል። ጓደኛዬ ኦቲስ ነው የጨረሰው ብል ስለማታምኚኝ ግማሹን እኔ ነኝ የበላሁት ብዬ ልናዘዝ።

ቶሎ ስላልመለስኩልሽ ይቅርታ። ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው። የሰማሽው እውነት ነው፤ አልበም አውጥቻለሁ። ሁለት ሸክላ፣ ስምንት ሙዚቃ፣ ሁሉም ቴክኖ፣ በማሽን የሚሠራው የጭፈራ ሙዚቃ። የሠራሁት እዚሁ፣ አባዬ ጡረታ ወጥቶ ወደ እናንተ ሲመለስ በተወልኝ ቤት፣ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። አንዳንዱ ላይ ማጠቢያው ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ኦቲስ «ለሱም ስም ስጠውና ይጻፍለት» እያለ ይስቅብኛል።

ሽፋኑ ላይ ስሜን ፈልገሽ ብታጪው አትደንግጪ። የወጣው «ሁለተኛ ፈረቃ» በሚል ስም ነው። ፎቶም የለውም። ይሄ እዚህ ልማድ ነው። በዚህ ከተማ ቴክኖ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሦስት አራት ስም አለው፤ ኦቲስማ አምስት ስላለው ባለፈው ማን ሠራው ሳይል የገዛ ሸክላውን ሲያማ ደረስንበት። ሙዚቃው ይናገር፣ ፊታችን ምን ያደርግላቸዋል ነው ነገሩ። ላንቺ ግን አልዋሽም። እኔ የተደበቅኩት ልማድ ስለሆነ አይደለም። ከአባዬ ነው የተደበቅኩት።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። እማዬ ስትሞት ከድምጿ የቀረን አንድ ካሴት ነበር፤ አንቺም ገና እዚህ ሳለሽ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን እሷ ስትዘምር አንቺ ከኋላዋ የተቀበልሽበት። እሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ማታ ማታ ሬዲዮ የሚያስተላልፈውን ሙዚቃ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይቀዳ ነበር፣ እኔም ሳላይ ቀዳሁበት። አባዬ ያን ቀን ያለኝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ «አንድ ነገሯ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም በጩኸት ደመሰስከው።» ከዚያ ወዲህ ይኸው አሥር ዓመት፣ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ነው ንግግራችን።

ግን አክስቴ፣ ጨርሳ አልጠፋችም። ካሴቱ መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ተርፋለች። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያቺን አሥራ አንድ ሰከንድ አልበሙ ውስጥ አስገብቻታለሁ። አባዬ ቢሰማ «መጀመሪያ አጠፋሃት፣ ቀጥለህ ጭፈራ ቤት ወሰድካት» ይለኛል። ምን ብዬ እመልስለታለሁ? አንቺ ግን አብረሻት የዘመርሽ ስለሆንሽ አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ፈለግኩ። ሸክላውን ላንቺ ብቻ ልኬዋለሁ። እባክሽ እሱ ጆሮ እንዳይደርስ።

የወንድምሽ ልጅ
ሊንደል


ዴሞፖሊስ፣ አላባማ፣ ማርች 27 ቀን 1994

ስሙ ለጠፋበት የወንድሜ ልጅ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴን ከማለት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጥቅሉ በሰላም ደርሶኛል።

እናትህ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ነው የወለደችህ። ስም ለማውጣት ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን። አባትህ እንደሱ ሂራም ትባል ብሎ ነበር፤ «አንድ ሂራም ይበቃናል» ብላ ሊንደል ያለችህ እሷ ናት። አሁን አንተ ተነስተህ «ፈረቃ» ተብያለሁ ትለኛለህ! ለመሆኑ ፈረቃ ክርስትና ይነሳል? ደግሞስ የማን ፈረቃ እንደሆነ ያላወቅኩ መስሎሃል? ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ማታ ማታ የሠራበትን ሰዓት ስም አድርገህ ከሱ ተደበቅኩ ትላለህ። ከሰውየው ሊደበቅ ብሎ የሰውየውን ኮት የለበሰ ሌባ ዛሬ ገና አየሁ።

እኔ ቤት ማጫወቻ የለም። ያለው አባትህ ጋ ነው፣ ከግቢዬ ማዶ፤ እሱም ዕቃ ሲራገፍ ወድቆ ፍጥነት መቀየሪያው ተሰብሯል። በአንድ ፍጥነት ብቻ ነው የሚዞረው፣ ልክ እንደ ባለቤቱ። ስለዚህ የዲያቆኑ ልጅ ቤት ይዤ ሄድኩ፤ እሷ ዘመናዊ ነገር አላት። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው «እትዬ ቨርኒስ፣ ሸክላው ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ። አልተበላሸም፣ የወንድሜ ልጅ ነው ልል ስል ምላሴን ነከስኩ። እውነቱን ልንገርህ? ሦስተኛው ላይ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይመታ ጀመር። የዲያቆኑ ልጅ አይታ ሳቀች፣ እኔም ጉልበቴን ነው አልኳት።

እናትህ ዶሬታ ግን የታለች? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጆሮዬን ጣልኩ። አንዲት ወፍ የምትመስል ነገር ጭር ጭር ስትል ብቻ ነው የሰማሁት።

ስለ አባትህ ባትጠይቀኝም፣ ደህና ነው። ግራ ጆሮውን ፋብሪካው ወስዶበታል፤ እሱን ታውቃለህ። ቤተክርስቲያን ይመጣል። መዝሙር ሲጀመር ግን ተነስቶ ይወጣና መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ ስብከት ሲጀመር ይመለሳል። እዚህ ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ ጆሮውን አሞት ነው ይላል። እኔ የጆሮ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሸክላህን አልጋዬ ሥር ከብርድ ልብሶቹ ጋር ሸሽጌዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዕወቅ፤ ዝም ማለት እችላለሁ፣ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ሸክላ ብዬ ገነትን አላጣም።

አክስትህ ቨርኒስ
(እኔ ስሜ አንድ ነው)


ዲትሮይት፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1994

አክስቴ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደብዳቤሽን ለኦቲስ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ኮት የለበሰው ሌባ ጋ ስደርስ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ «ሌባው» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሌላ ስም አገኘሁ ማለት ነው።

ወፏ እማዬ ናት።

ማንም እንዳያውቃት አፍጥኛታለሁ። በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ በስህተት በአርባ አምስት ሲዞር የዘፋኙ ድምፅ እንዴት እንደሚቀጥን ታውቂያለሽ? ልክ በዚያው መጠን ነው ያፈጠንኳት። አልበሙ በአርባ አምስት የሚዞር ስለሆነ ለሰው ወፍ ሆና ትቀራለች። እኔ ብቻ ነኝ የማውቃት። መጥፎ ነገር አድርጌ ከሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ላስወጣት ብዬ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፤ እሷ ስትወጣ ሙዚቃው ይሞትብኛል።

«እንዴት አልታየህም?» ብትዪኝ፣ እኔም አሥር ዓመት ራሴን የጠየቅኩት እሱን ነው። ካሴቷ ጀርባዋ ላይ ያሉት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረዋል፤ ማንም እንዳይቀዳባት እማዬ ራሷ በቢላ የሰበረቻቸው ናቸው። ቀዳዳው ካልተደፈነ ማሽኑ አይቀዳም። ቀዳዳው በቢጫ ፕላስተር ተደፍኗል፤ እስካሁንም እንደተለጠፈ ነው። መቼ እንደለጠፍኩት ግን አላስታውስም። የማስታውሰው ካሴቷ ማሽኑ ውስጥ እንደነበረች፣ ሙዚቃው እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ቁልፉን እንደተጫንኩ ነው። ግን በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ማን ይቀዳ ነበር?

ሌላው ወሬ፣ በርሊን ያሉ ሰዎች አልበሙን ወደውታል። እዚያ የሚያከፋፍለው ሰው ስምህን ንገረን፣ ፎቶህን ላክ፣ መጥተህ ተጫወት እያለ ይጽፍልኛል። ስሜ ሽፋኑ ላይ አለ ብዬ መለስኩለት። መሄዱን እንዴት እንደምፈልግ አትጠይቂኝ! ግን ስሜ ከታወቀ ጋዜጣ ይከተላል፤ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ደግሞ ከዚህ ሰፈር አንዱ ቆርጦ ለአባዬ ይልክለታል። እሱ ሰምቶ ከሚጠላኝ በርሊን ብትቀርብኝ ይሻላል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ሸክላ የሚቀርጹልን ሚስተር ዊትኮቭስኪ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሲጨርሱ መሃል ካለው ወረቀት አጠገብ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ያለችው ባዶ ጠርዝ ላይ፣ በመርፌ አንድ ሁለት ቃል ይጭሩልናል። ሁላችንም እናስጽፋለን፤ አንዱ ቀልድ፣ አንዱ የሴት ስም። «ያንተስ?» ሲሉኝ «ይቅርታ ዶሬታ» በሉልኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሚስትህ ናት?» «እናቴ ናት።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ጫሩልኝ። መብራት ሥር ዘንበል አድርገሽ ካየሽው ታገኚዋለሽ።

ሊንደል (ሌባው)


ዴሞፖሊስ፣ ሜይ 8 ቀን 1994

ሊንደል ልጄ፤

ምንም አልተፈጠረም። ሁላችንም በሕይወት አለን። ስልክ እንዳትደውል፣ በስልክ የሚነገር አይደለም።

ሐሙስ ዕለት አባትህ የአልጋዬን እግር ሊጠግንልኝ መጣ። የጠራሁት እኔ ነኝ። አልጋው ሥር ያለውን ነገር ረስቼው ነው ብልህ ታምነኛለህ? ማመን ከፈለግክ እመን።

ብርድ ልብሶቹን ሲያወጣ ሸክላው አብሮ ወጣ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። «ሸክላ ነው» አልኩት። «የማን?» «ሁለተኛ ፈረቃ ይላል፣ ማንበብ ትችል የለም እንዴ?» ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ሽፋኑን ይዞ ቆመ፤ ቆመ፣ ቆመ። ከዚያ ብብቱ ሥር አድርጎት ወጣ። የአልጋዬ እግር እንደተሰበረ ነው።

ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በሩ ተዘግቷል። አሳ ጠብሼ ወሰድኩለት፣ ሳህኑ በረንዳው ላይ እንዳለ አገኘሁት። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም። የማላውቀውን አልጽፍም።

አሁን ጸልይ። እንደድሮው እንድትጸልይ ነው የምልህ፣ ተንበርክከህ።

ቨርኒስ


ዲትሮይት፣ ሜይ 16 ቀን 1994

አክስቴ፤

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጻፌ አትቀየሚኝ። ማጫወቻው በአንድ ፍጥነት ብቻ ይዞራል ብለሽኝ ነበር። በየትኛው ነው? አርባ አምስት ከሆነ ወፍ ነው የሚሰማው፣ ዳንኩ። ሠላሳ ሦስት ከሆነ ሁሉ ነገር ይዘገያል፤ ያፈጠንኳት እማዬም ወደ ራሷ ድምፅ ትመለሳለች። ሠላሳ ሦስት ከሆነ አለቀልኝ!

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ምድር ቤት መውረድ አልቻልኩም። ኦቲስ መጥቶ «ደውልለትና ተናዘዝ፣ ሰውዬው አይበላህም» አለኝ። እሱ አባዬን አያውቀውም። አባዬ ቢጮህብኝ እኮ እችለው ነበር። ዝምታው ነው የሚገለኝ።

አክስቴ፣ ከንግዲህ አልደበቅም፣ ደክሞኛል። ካሴቷን ራሷን እዚህ ጥቅል ውስጥ አድርጌያታለሁ። ስጪው። መጀመሪያውንም የሱ ናት። አሥራ አንድ ሰከንዷ መጨረሻው ላይ ናት፣ እንዳትቆረጥ ቀስ ብሎ ያጠንጥናት። እኔ አጥፍቻት፣ የተረፈችውንም አሥር ዓመት ሸሸግኳት። «ሁለተኛ ፈረቃ» ይቅር በለኝ ብሎሃል በይው አልልሽም፣ ሊንደል ይቅር በለኝ ብሎሃል በይው። በስሜ።

ሊንደል ፔታዌይ


ዴሞፖሊስ፣ ጁን 5 ቀን 1994

የኔ ጌታ፤

ሠላሳ ሦስት ነው።

አትደንግጥ፣ ቁጭ በልና አንብብ። ሜይ 9፣ ደብዳቤዬን ለፖስተኛው ሰጥቼ ስመለስ፣ አባትህ በረንዳው ላይ ቆሞ «ቨርኒስ! ነይ ወዲህ» ብሎ ጠራኝ። አራት ቀን ጢሙን አልተላጨም። ገባሁ። «ተቀመጪና ስሚ» አለ። መርፌውን አስቀመጠ። ያ እግሬን ያስመታኝ ሙዚቃህ እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ መጣ፤ ዱም… ዱም… ዱም…። ከዚያ ዶሬታ ወጣች።

ሊንደል፣ ምን ልበልህ? ራሷ ናት። ያ ወፍራም ድምጿ፣ ያ ቃሉን ከመልቀቋ በፊት የምታቅፈው ነገሯ። ከኋላዋ ደግሞ አንዲት ሴት ትሰማለች፤ እኔ ነኝ፣ ያኔ ጉልበት የነበረኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። አባትህ አላለቀሰም። መርፌውን አነሳና መለሰው። አነሳና መለሰው። አራቱን ቀን ሲያደርግ የዋለው ይሄንን ነው ለካ! ከዚያ ሸክላውን አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ያዘልኝ። «እዚህ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለ። እሱ አንብቦታል፤ ከእኔ አፍ መስማት ፈልጎ ነው። አነበብኩለት።

«ልጄ ነው?» አለኝ።

ከጠየቀኝ አልዋሽም ብዬህ ነበር። «ልጅህ ነው» አልኩት።

ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ አጥሩን ሲጠግን ዋለ፤ አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር። ያልጻፍኩልህ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሳላውቅ ባዶ ተስፋ እንዳልሰጥህ ብዬ ነው፤ ካስጨነቅኩህ ይቅር በለኝ።

ካሴቷ ስትመጣ በእጁ ሰጠሁት። ያልከኝንም አንድ ቃል ሳልጨምር ነገርኩት። ሊያጫውታት ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አላጫወታትም። ገለበጣትና ያቺን ቢጫ ፕላስተር አየ። በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «ይሄ ልጅ እስካሁን አልላጠውም» አለ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ከዚያ ወረቀትና እስክሪፕቶ ስጪኝ አለኝ። ወንድሜ የጡረታ ወረቀቱን ከፈረመ ወዲህ እስክሪፕቶ ሲይዝ አላየሁትም። ሦስት ቀን ጻፈ። የቀደደውን ለምድጃ ማቀጣጠያ አደረግኩት፤ አላነበብኩም (አንዱን ላነብ ሞክሬ ነበር፣ ጽሕፈቱ አይነበብም)። ፖስታውን ራሱ ልሶ አሸገው።

ምን እንዳለህ አላውቅም። ምንም ቢልህ እኔ አክስትህ ነኝ።

ቨርኒስ


ዴሞፖሊስ፣ ጁን 5 ቀን 1994

ለልጄ ለሊንደል፤

ደብዳቤ መጻፍ አልችልበትም። አምስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ቃሉ ቢያንስህ አትቀየመኝ።

ሸክላህን ሰማሁ። በዝግታ ነው የሰማሁት፣ ሌላ ፍጥነት የለኝም። ቨርኒስ በትክክለኛው ፍጥነት ያስጨፍራል ትላለች፤ ለኔ ይኸኛው ይሻለኛል። ከራት በኋላ አለቃው ዞር ሲል ቆርቆሮ የሚጨፈልቁትን ማሽኖች፣ ፕሬሶቹን፣ ቀስ አድርገን የምንነዳበት ሰዓት ነው የሚመስለው። ጥሩ ሰዓት ነበር። ከማሽን እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ቆሜ እኔ አልሰማሁትም፣ አንተ ሰማኸው።

እናትህን ሰማኋት። ከመዘመሯ በፊት ትንፋሽ ትስባለች፣ እሱም አለ። እሱን ረስቼው ነበር።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ቢጫውን ፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

እንደሱ ያለ ፕላስተር ሱቅ አይሸጥም። ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ቆርቆሮ ለይተን የምንለጥፍበት ነው፤ ጥቅሉን በምሳ ዕቃዬ አድርጌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በ84 ቡድናችን የቤዝቦሉን ዋንጫ የበላ ዕለት፣ እሁድ ነበር፣ ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈውን ሰውዬ ድምፅ ለማስቀረት ብዬ ከመሳቢያ አንድ ካሴት አነሳሁ። መነጽሬን አላደረግኩም። ቀዳዳውን ደፈንኩና ቀዳሁ። ካሴቱን ማሽኑ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። አንተ ያገኘኸው እዚያ ነው። አንተ በእናትህ ላይ አልቀዳህም፣ ልጄ። በእኔ ኳስ ጨዋታ ላይ ነው የቀዳኸው። እሷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ያንን ቃል በተናገርኩህ ዕለት አላወቅኩም ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ቢጫውን ጥቅል ሳነሳ ትዝ አለኝ። እጄ ፕሬሱ ሥር ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ስገባ ተኝተሃል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደሃል። በሦስተኛው ቀን ስታየኝ ዓይንህን ሰበርክ፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ሳምንት አለፈ፣ ዓመት አለፈ። በዘገየ ቁጥር ከበደኝ። በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ የራሴን ሸክም ጭኜ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ተሸክሞ ሲሄድ አየሁ። አላባማ የመጣሁት ለአየሩ አይደለም። ያንን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ይቅርታ አድርግልኝ። ዛሬ ካልሆነ ሲሆንልህ።

በሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አትለውጠው፣ ደህና ስም ነው፤ ከፈረቃው ድርሻ አለኝና ፈቅጄልሃለሁ። ቨርኒስ ነግራኛለች፣ በርሊንም ሂድ። ፊትህንም አሳያቸው፣ የእናትህ ፊት ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ አርምልኝ። ጠርዙ ላይ ያለው «ይቅርታ ዶሬታ» የሚለው ያንተ አይደለም። ያንተ ያልሆነውን ፈርመሃል። ድጋሚ ሲያትሙት ሸክላውን የሚቀርጹትን ሽማግሌ «ከሥሩ የአባቴን ስም ይጨምሩልኝ» በላቸው። ቦታ ካልበቃቸው አንተ ሙዚቃህን አሳጥር። ሌላ ስም አልፈልግም፣ የተጠመቅኩበትን ሙሉ ስሜን ይጻፉት፦

ሂራም ጀምስ ፔታዌይ